ዘጠኝ ቀን የጎደለው የበፍቃዱ ቤራሶ የሕይወት ታሪክ

ዕጩ አብራሪ በፍቃዱ ቤራሶ ከአባታቸው ከአቶ ቤራሶ ሹንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ጎበና በዛሬው ጌዴኦ ዞን፣ በቡሌ ወረዳ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ከቀርከሃው ጫካ ፊት ለፊት በሚገኘው በዚህ ግቢ ጥቅምት 19 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቃቸው ደጀኔ ነው። ታናሻቸው ማርታ እርሳቸውን በዐሥር ዓመት ተከትላ ተወለደች፤ ይህን የሕይወት ታሪክም የጻፈችው እርሷ ናት።

ይህ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሁለተኛ ጊዜው ነው። የመጀመሪያው በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. በአንድ የደብተር ገጽ ላይ ተጽፎ እዚሁ ግቢ ውስጥ ተነብቧል። ከዛሬው ለቀስተኛ ያኔም የነበራችሁ አላችሁ። በዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ልደታቸው ልክ ነው፣ ትምህርታቸውም ልክ ነው። የሞቱበት ቀን ግን ልክ አይደለም። ጸሐፊዋ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሰው ስለሆነች ስሕተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ይህኛው የተጻፈው ያ ቀን እንዲታረም ነው።

አንድ ነገር አስቀድማ ትናገር። በሃያ ሦስት ዓመቱ የሞተን ልጅ «እርሳቸው» እያሉ መጻፍ ይከብዳል። ዛሬ የእርሷ ትንሽ ልጅ እንኳ ከእርሳቸው በዕድሜ ይበልጣል። ቢሆንም የሕይወት ታሪክ ወጉ ይኸው ነው፤ ክብሩም ይገባቸዋል።

በፍቃዱ በልጅነታቸው እጃቸው ሥራ የማይፈታ፣ ቀርከሃ ካዩ ሳይቆርጡ የማያልፉ ነበሩ። በዚህ ግቢ ያለውን የመጀመሪያውን የቀርከሃ አጥር የሠሩት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለት ጣት ከንፈር ውስጥ ከትተው ሲያፏጩ ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ይሰማ ነበር። ታናሽ እህታቸውን የሚጠሩት በስሟ ሳይሆን በፉጨት ነው፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እርሷ ባለችበት ሆና «አቤት» እስክትል ድረስ አያቆሙም። እናታቸው «ይህች ልጅ ስም የላትም ወይ?» እያሉ ይቆጡ ነበር። ስም ነበራት፤ «ማርቲ» ብለው የሚያቆላምጧትም እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡሌ ተከታትለዋል። ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት ዲላ፣ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ነው። በዚያን ጊዜ ከቡሌ ዲላ መውረድ በክረምት ጭቃ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ እርሳቸው ግን በየሁለት ሳምንቱ በእግራቸው እየተመላለሱ ከቤት ቆጮ ይወስዱ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ውጤታቸው ጥሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቁ ሬኮ በሚገኘው እሸት ቡና ማጠቢያ አንድ የለቀማ ወቅት ሠሩ። እዚያ ሳሉ የአብራሪነት ምልመላ ማስታወቂያ ዲላ ተለጠፈ። ለማንም ሳይናገሩ ሄደው ተመዘገቡ፤ ማለፋቸውን ለወላጆቻቸው የነገሯቸው ሻንጣቸውን ካዘጋጁ በኋላ ነው። አባታቸው ሦስት ቀን አላነጋገሯቸውም። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ሻንጣውን ተሸክመው እስከ መኪናው ሸኟቸው።

ሥልጠናው በ1977 ዓ.ም. ተጀመረ። የሰሜኑ ጦርነት እየበረታ ሲሄድ የኮርሱ ጊዜ አጠረ፣ ለብቻ የሚበረሩት የመስመር በረራዎች ግን በረከቱ። የኮርስ ጓደኛቸውና ዛሬ ከመካከላችን የሚገኙት አቶ ሱፍያን እንደነገሩን፣ በ1980 ዓ.ም. ከእነርሱ ኮርስ ሦስት ልጆች ጦር ሜዳውን ሳያዩ በሥልጠና ላይ እያሉ ቀርተዋል። አንደኛው ተራራ ላይ፣ ሌላው በማረፊያ ላይ። ሦስተኛው በፍቃዱ ናቸው። የሦስቱም አልጋ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አቶ ሱፍያን ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ መተኛት መጀመራቸውን ነግረውናል።

በሕይወት ታሪክ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ ትዳርና ልጆች ይጻፋሉ። በፍቃዱ ለዚህ አልደረሱም።

የ1980 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 2 ዋለ። በፍቃዱ ፈቃድ ስላልተሰጣቸው አልመጡም። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ በቡሌ ጉሙ እስከ ጣሪያ ድረስ ወርዶ ሳለ ከላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። በሦስተኛው ድምፁ ዝቅ አለ፣ ወደ ቀርከሃው ጫካ ሄደ፣ ከዚያ ቀረ። ፍንዳታ የሰማ የለም፣ ጭስ ያየም የለም። አውሮፕላን በሰማያችን ማለፉ ብርቅ ስላልነበር ሰዉ ርቆ ሄደ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የግቢው ዶሮዎች ግን ያን ቀን እስከ ቀትር ድረስ ከቆጡ አልወረዱም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ሁለት መኮንኖች በላንድሮቨር መጡ። የዕለቱ የበረራ መስመር በአባያ ሐይቅ ላይ የሚያልፍ እንደነበር፣ ዓሣ አጥማጆች ውኃው ላይ ዘይት ማየታቸውን፣ ሦስት ቀን ተፈልጎ ምንም አለመገኘቱን ተናገሩ። ይዘውት የመጡት ደብዳቤ ዕጩ አብራሪ በፍቃዱ ሚያዝያ 4 ቀን ሐይቁ ውስጥ ወድቀው መሞታቸውን ይገልጻል። መኮንኖቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። እስከ ቅዳሜም ለቅሶው ላይ ቆይተዋል።

ቅዳሜ ድንኳን ተተከለ። ሬሳ ስላልነበረ በፎቶግራፋቸውና በትምህርት ቤት ሹራባቸው ተለቀሰ። ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለማታውቁ ወጣቶች፣ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ ነበር። ምእመናን በየቤቱ ተሰብስበን ስንዘምር ድምፃችን ከግድግዳው እንዳያልፍ በሹክሹክታ ነበር። ጮክ ብሎ መዘመር የሚቻለው ለቅሶ ላይ ብቻ ነው፤ ሟች ሲሸኝ የሚከለክል አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት የሁለት ዓመት መዝሙር በአንድ ቀን ወጣ። በዚያ ኀዘን ውስጥ እንኳ ከቡሌ ዙሪያ የመጣው ሰው ድምፁን ማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር ቢባል ሐሰት አይደለም።

ወደ ዐሥር ሰዓት ጉሙ ተገፈፈ። መዝሙሩ ለአፍታ ሲያርፍ ከግቢው ፊት ካለው ገደል ማዶ፣ ከቀርከሃው ጫካ ውስጥ ፊሽካ ተነፋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ታናሽ እህታቸው ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ተነሥታ ቆመች። ወደ አባቷ ሄዳ በጆሯቸው «ጋሼ እየጠራኝ ነው» አለቻቸው። አባቷ መጀመሪያ ፊቷን ዳሰሱ፤ ትኩሳት ያዛት መስሏቸው ነበር። ፊሽካው ደግሞ ተነፋ። በዚህ ጊዜ እናቷም አንገታቸውን ወደ ጫካው አቀኑ። ያ ጥሪ የማን እንደነበር ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል። አቶ ቤራሶ ያን ጊዜ የተናገሩትን የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። «ሙታን ሰው አይጠሩም፤ በልጄ ፉጨት የሚጠራን ልጄ አይደለም» አሉ።

እምነታችን ይህ ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው። የሞተ ሰው ተመልሶ አይጣራም። በሟች ድምፅ ኀዘንተኛን የሚጠራ የሚያታልል መንፈስ ነው፤ የመለሰለትም ሰው በር ይከፍትለታል። ስለዚህ ማንም አልመለሰም። አቶ ቤራሶ ቆመው ጸሎት አስጀመሩ፤ ሕዝቡም ያ ድምፅ እንዳይሰማ መዝሙሩን ከፍ አደረገው። እሑድም ዐሥር ሰዓት ሲሆን ፊሽካው ተነፋ፤ ሕዝቡም ዘመረ። ሰኞም እንደዚሁ። በየቀኑ ሰዉ ያችን ሰዓት እየጠበቀ ይሰበሰብ ጀመር። ከብት ጠባቂዎች ወደ ጫካው መሄድ ተዉ። ቀርከሃ ቆራጮችም መጥረቢያቸውን ሰቀሉ። ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ፊሽካው በጣም ቀጥኖ ለረጅም ጊዜ ተነፋ። ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ዝም አለ። ጌታ ጸሎታችንን ሰማ ተብሎ ምስጋና ቀረበ፤ ድንኳኑም በማግስቱ ፈረሰ።

ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። ያመኑትን አደረጉ፤ ቤተሰቡን ከክፉ ለመጠበቅ ሲሉም ሥራቸውን ትተው ሰባት ቀን አብረውን ተቀመጡ። ይህ እንዲታወቅ ጸሐፊዋ ትፈልጋለች።

አቶ ቤራሶ ከእንሰቱ ዳር ድንጋይ አቁመው «ሚያዝያ 4 ቀን 1980» ብለው አስቀረጹበት። ወይዘሮ አሰገደች ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖሩ። ጤነኛ ነበሩ፣ ይሠሩም ነበር። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ግን ያዙትን ነገር አስቀምጠው ጥቂት ይቆማሉ፤ ከዚያ መልሰው ያነሡታል። በ1996 ዓ.ም. ሊያርፉ ሲሉ ልጃቸውን ማርታን የጠየቋት «ያ ፊሽካ ቆመ ወይ?» ብለው ነው። ቆሟል አለቻቸው።

ቀርከሃ በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያብብ ነው፤ ካበበም ይሞታል። በላይኛው ጫካ ያለው በ2016 ዓ.ም. አበበ፣ ደረቀ፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮም እየተሰባበረ መውደቅ ያዘ። አብዲሳ የተባለ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሞተውን ጫካ ሊያጠና መጥቶ ሳለ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከገደሉ ጫፍ በታች የተንጠለጠለ ቆርቆሮ አየ። የቤት ክዳን መስሎት ነበር። ሲጠጋ ግን ክንፍ ሆኖ አገኘው። ቀርከሃው በክንፉ ቀዳዳዎች ውስጥ አድጎ በዓመታት ብዛት ከመሬት አንሥቶታል፤ አብዲሳ ቆሞ ከሥሩ ማለፍ ችሏል።

ልጁ ወርዶ መጀመሪያ ያገኘው ቤት የእኛ ነው። አቶ ቤራሶ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አባባ፣ እዚህ ላይ አውሮፕላን ወድቆ ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «አያውቅም» አሉት። ከዚያ ከዘራቸውን እንዲያቀብላቸው ለመኑት።

አጽማቸው የተገኘው ከአብራሪው ወንበር ላይ አይደለም። ከአውሮፕላኑ አካል ስድስት ሜትር ርቀው፣ ጀርባቸውን ለድንጋይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቀርከሃው በመሞቱ ዛሬ እዚያ ድንጋይ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህ ግቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው ቢጮህ ይሰማል፤ በእግር ግን ገደሉን ለመዞር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሁለቱም እግሮቻቸው አጥንት ከጉልበት በላይ ተሰብሯል። አንገታቸው ላይ ስማቸው የተቀረጸበት ታርጋ፣ እጃቸው ሥር የናስ ፊሽካ፣ አጠገባቸው ክዳኑ የተጠበቀ የመጀመሪያ ዕርዳታ ቆርቆሮ ነበር። የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው አስፈላጊውን ምርመራ ከጨረሱ በኋላ ሁሉንም ለቤተሰቡ አስረክበዋል። አቶ ሱፍያንም ከአዲስ አበባ መጥተው ታርጋውን አይተዋል። ከመስመራቸው ለምን ወጡ ተብለው ሲጠየቁ፣ «ቤቱን ሊያይ ነዋ። ሁላችንም እናደርገው ነበር» አሉ።

ቆርቆሮው ውስጥ የበረራ ካርዳቸው ነበር። በጀርባው በእርሳስ ጽፈውበታል። እርሳስ አይለቅም፤ ጽሕፈቱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ከረቡዕ ጀምሮ ያለው እንደሚከተለው ነው፦

«ረቡዕ 5። እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። ቤታችን ከሥሬ ነው። የእኛ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

ዓርብ 7። ዝናብ ጠጣሁ። ፊሽካ ነፋሁ። ጉም ነው፣ ድምፁን ይውጠዋል መሰለኝ።

ቅዳሜ 8። ከታች መዝሙር ይሰማል። ጮክ ብለው ነው የሚዘምሩት። ለቅሶ ነው ማለት ነው። ማን ሞተ? እማዬ እንዳትሆን።

እሑድ 9። ፊሽካውን ስነፋ መዝሙሩ ከፍ አለ። ሰምተውኛል። ነገ ይመጣሉ።

ሰኞ 10። ስነፋ ይዘምራሉ። ሳቆም ያቆማሉ።

ረቡዕ 12። የአባባን ድምፅ ለየሁት። ይጸልያል። ለሟቹ ቤተሰብ ይሆናል። እኔም አሜን አልኩ።

ሐሙስ 13። ማርቲን ጠራኋት። አቤት እስክትል እነፋለሁ።»

ከዚህ በኋላ የተጻፈ የለም። ስለዚህ ዕጩ አብራሪ በፍቃዱ ቤራሶ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ሚያዝያ 4 ሳይሆን ሚያዝያ 13 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። ዘጠኙ ቀናት የእርሳቸው ናቸው፤ እኛ ወስደንባቸው ነበር፣ ይኸው መልሰናል።

ይህ እንዲነበብ በቤተሰቡ ውስጥ ስምምነት አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው ደጀኔ ቀኑ እንዳለ ይቅር አለ። ደጀኔ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከጡረታው በፊት ዲላ በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ሲሠራ የሰው ዶሴ ሲያቃና የኖረ ነው። «አባባ ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነው። ይህን ሰምቶ ስንት ቀን ይኖራል ብለሽ ነው?» አላት። ማርታም ሁለት ሳምንት ካርዱን ይዛ ዲላ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ያስጠሯት አቶ ቤራሶ ራሳቸው ናቸው። ወረቀት መገኘቱን ከጎረቤት ሰምተዋል። በቀኝ ጆሯቸው በኩል ተቀምጣ አነበበችላቸው። የረቡዕ 12ን ሁለተኛ እንድታነብላቸው ጠየቁ፤ ሦስተኛም ጠየቁ። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ የቀረበላቸውን ምግብ አልነኩም። ደጀኔ ማርታን አያይም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ጠርተው እንዲህ አሉ፦ «ቀኑ ይታረም። ስሜም ይጻፍ፤ ያስጸለይኩት እኔ ነኝ። እኔ ባለሁበት ይነበብ። መዝሙር ግን አታዘምሩብኝ፤ ልጄን የሸፈንኩት በመዝሙር ነው። ያንን ፊሽካ ንፉና ሕዝቡ ይመልስለት።»

ስለዚህ ዛሬ፣ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መዝሙር የሌለበት ቀብር የምታዩት በአባታቸው ፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ «ጸሐፊዋ» እና «ታናሽ እህታቸው» ማለቴን አቆማለሁ። እኔ ማርታ ነኝ። ደጀኔም ቢሆን ቀጥሎ የምለውን አያውቅም፤ በተሰጠው ረቂቅ ላይ የለም።

አባባ፣ ይህን አሁን ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው የሚሰሙት። ካርዱን ሳነብልዎ የመጀመሪያውን መስመር ዘልያለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ 4። በጉሙ ቀዳዳ ነጩን አየሁት። በደንብ ላየው ዝቅ አልኩ።»

ነጩ የእማዬ ጋቢ ነው። ለፋሲካ እንደማይመጣ ሲጽፍልኝ አለቀስኩ፤ በደብዳቤም በቤታችን ላይ እንዲያልፍ ለመንኩት። ማክሰኞ እንደሚበር፣ ሣሩ ላይ ነጭ ነገር እንድዘረጋለት፣ ለማንም እንዳልናገር መለሰልኝ። ጋቢውን ዘረጋሁት። ጉሙ ሲወርድ ላነሣው ነበር፤ ድምፁን ስሰማ ግን ተውኩት። ድምፁ ሲቀር እርጥቡን ጠቅልዬ ከእህል ጎታው ኋላ ደበቅሁት።

መኮንኖቹ አባያ ሲሉ አባያ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከመስመር መውጣቱ ቢታወቅ ሰው እንደሚታሰር ሰምቼ ነበር፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ እሱም አትናገሪ ብሎኛል። ፊሽካው ሲነፋ «ጋሼ እየጠራኝ ነው» አልኩዎት። ደብዳቤውን ግን አላሳየሁዎትም። ባሳይዎት ኖሮ ያን ቀን መኮንኖቹን ይዘው ጫካ ይገቡ ነበር፤ መንፈስ ነው የሚል ሰው አይኖርም ነበር። ያን ቅዳሜ ገና አምስት ቀን ነበረው። ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ከዲላ እየመጣሁ ጋቢ ሣር ላይ ስዘረጋ አይታችሁኛል። ሻጋታ እንዳይበላው ነው እላችኋለሁ። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ዋሽቻችኋለሁ። ጥፋቱን አባባ ለብቻቸው ተሸክመው ወደ መቃብር እንዲሄዱ አልፈልግም። ከእርሳቸው የሚበልጠው የእኔ ነው።

ዕጩ አብራሪ በፍቃዱ ቤራሶ አባታቸውን አቶ ቤራሶ ሹንዴን፣ ወንድማቸውን ደጀኔን፣ እህታቸውን ማርታን፣ አይተዋቸው የማያውቁ ሰባት የወንድምና የእህት ልጆችን፣ ከእነዚህም አንዷ የሆነችውን ልጄን ሮሆቦትን ትተው አልፈዋል። እናታቸው ወይዘሮ አሰገደች ቀድመዋቸው ሳይሆን ተከትለዋቸው ሄደዋል፤ የጠየቁኝን ጥያቄ መልስም አሁን ከእርሳቸው ሰምተው ይሆናል። በፍቃዱንና በሥልጠና ላይ እንዳሉ የቀሩትን ጓደኞቻቸውን ጌታ በእቅፉ እንደያዛቸው እናምናለን። አባባን ያጽናልን። ለእኔም ለሁላችንም ይቅርታውን አይንፈገን።

አሁን ደጀኔ ፊሽካውን ይነፋል። ናስ ስለሆነ አልዛገም፤ በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ ሲሞከር ድምፁ ያው ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ማንም እንዳይዘምር፣ ማንም እንዳይጸልይ፣ ድምፁ እስኪያልቅ እንስማው። ሲያበቃ ያኔ የነበራችሁም ያልነበራችሁም ፊታችሁን ወደ ጫካው አዙራችሁ አብራችሁኝ መልሱለት። የተጠራሁት እኔ ነኝና እኔ እጀምራለሁ።

አቤት፣ ጋሼ።